የላቀው ሸሚዝ

ሸዋረግ በየሳምንቱ ቅዳሜ የልጇን የላቀውን ሸሚዝ ታጥብ ነበር። ሸሚዙን የሚለብሰው ሰው የለም። ላቀው ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ሸሚዙ ከሣጥን ይወጣል፣ ወንዝ ይወርዳል፣ በእንዶድ ይታሻል፣ አጥር ላይ ይሰጣል፣ ደርቆ ተጣጥፎ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ውሃ ሰማያዊ የነበረው ቀለሙ ከመታጠብ ብዛት ነጣ። ማንም ሳይለብሰው አረጀ።

እኔ ያን ጊዜ መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የኩታበር ልጅ ነኝ። መካነ ሰላም የሄድኩት ተመድቤ እንጂ ወድጄ አይደለም፤ ብርዱም የቀበሌው ስብሰባም እኩል ያንገሸግሹኝ ነበር። የተከራየሁት ክፍል የሂሳብ መምህሩ ሚስተር ራጋቫን ከሚኖርበት ቤት ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። መምህር አልበቃ ብሎ ከህንድ አገር የመጡ አስተማሪዎች በየአውራጃው የነበሩበት ዘመን ነው። ሸዋረግ ለሁለታችንም ምግብ ትሠራልናለች፣ ልብስ ታጥብልናለች።

ሚስተር አማርኛ የተማረው ደብረ ታቦር ሳለ ከአንድ ሽማግሌ አከራዩ ነው። ሽማግሌው ከአክብሮት በቀር ሌላ ያስተማሩት አይመስለኝም፤ ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ይላል። የሚረብሽ ተማሪ ሲቆጣ «ይውጡ!» ብሎ ነው። አንድ ቀን ጓሮ የገባ ውሻ ሲያባርር «ይሂዱ፣ እባክዎ ይሂዱ» ሲል ሰምቼው ሆዴን ይዤ ስቄአለሁ። ሥጋ በአፉ አይዞርም። የከተማው ሰው ይህን ሲያይ ዓመቱን ሙሉ የሚጾም መናኝ አድርጎ ቆጠረው። የሸዋረግ የነፍስ አባት መምሬ ወልደ ሚካኤል ሳይቀሩ፣ «ወተት ባይጠጣ ኖሮ ከኔ በተሻለ» ይሉ ነበር። አንድ ነገሩ ብቻ አይገባኝም ነበር። ክረምት ሲወጣ ከሻንጣው ቀይ ሳሪ፣ ያን የህንድ ሴቶች የሚጠመጥሙትን ረጅም ልብስ ማለቴ ነው፣ አውጥቶ በገዛ እጁ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ሸዋረግ ልታግዘው ስትጠጋ «ይተዉት» ብሎ ይመልሳታል።

የላቀውን መርዶ ያመጣው አካሉ የሚባል የከላላ ልጅ ነው። አብረው ዘምተው ናቅፋ ግንባር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። በክራንች ተደግፎ፣ አጎቱ በበቅሎ ጭኖት መጣ። «ከጎኔ ነው የወደቀው፣ እማማ» አላት።

«ሲቀብሩት አይተሃል?» አለችው።

«አላየሁም። እኔንም መትተውኝ ስለነበር ተሸክመው አወጡኝ።»

ሸዋረግ አንቃ የያዘችው ይቺን «አላየሁም» ነው። አካሉ ቀጥሎ የተናገረውን ሁሉ የሰማችው አይመስለኝም።

ጎረቤት ተሰብስቦ ልቅሶ ተቀመጠ። በኛ አገር ሬሳው ያልተገኘ ሰው በልብሱ ይለቀሳል። ልብሱ አልጋ ላይ ይዘረጋል፣ አልቃሿ አንድ በአንድ እያነሳች ታስለቅሳለች፣ በኋላ ፍታቱ ሲፈታ ልብሱ ለነፍስ አባት ወይም ለድሃ ይሰጣል። ልብሱ ከቤት ሲወጣ ነው ሰውየው በእውነት ሞተ የሚባለው። አልቃሿ ሸሚዙን ብድግ ስታደርግ ሸዋረግ ተወርውራ ከእጇ ነጠቀቻት። «ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው? ራቁቱን ልታስቀሩት ነው?» ብላ ጮኸች። ሱሪውንም ሹራቡንም ሰብስባ ሣጥን ውስጥ ቆለፈች። ለቀስተኛው ግራ ተጋባ፤ ጥቂት ቆይቶም አንድ በአንድ እየተነሣ ሄደ። ፍታትም ተዝካርም ሳይደረግ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሸዋረግ መቀመጥ አቃታት። እህል የምትቀምሰው ቆማ ነው። የደሴው አውቶቡስ ሲገባ መጥረጊያዋን ጥላ ትሮጣለች፤ ካኪ የለበሰ ሰው ካየች እጁን ይዛ ላቀውን ትጠይቃለች። አንዳንዱ ያዝንላታል፣ አንዳንዱ «እናቴ፣ ልሂድበት» ብሎ ይመነጭቃታል። ወጥ ጥዳ እንደወጣች ትቀራለች። እኔ ደግሞ ሲርበኝ ክፉ ነኝ። አንድ ቀን፣ «እትዬ ሸዋረግ፣ ይሄ ሽሮ ነው ወይስ ከሰል?» አልኳት።

«ዝም ብለህ ብላ» አለችኝ። «እሱ ምን እየበላ እንደሆነ ማን ያውቃል።»

ሽሮውን ከነእርሩ በላሁት።

በልቅሶው ሰሞን ከከተማ ውጭ የነበረው ሚስተር ስለሸሚዙ የጠየቃት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እኔ በራፌ ላይ የተማሪ ፈተና አርማለሁ፤ እሷ አጥሩ ላይ ታሰጣለች።

«ይህን ሸሚዝ ሁልጊዜ ያጥባሉ። የማን ነው?»

«የልጄ ነው።»

«ልጅዎ የት ነው?»

ሸሚዙን ከአጥሩ መልሳ አነሣች፤ እኔ በዓይኔ ተው አልኩት። ካኪ ለባሾችን ስትጠይቅ አይቷት ነበርና ገባው። ከዚያ ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስል ጀመረ። «የኔ ሚስት ሱማቲ ትባል ነበር። አገሯ ሆና ሞተች። እኔ እዚህ ነበርኩ። እኔ ስሰማ አቃጥለዋት፣ አመዷን ወንዝ ወስዶት ነበር። እኔም አላየሁም።»

ሸዋረግ እርጥቡን ሸሚዝ ደረቷ ላይ ይዛ ዞረች። «አቃጥለዋት? በእሳት? ምን አድርጋ!»

«በኛ ሃይማኖት እንደዚያ ነው። ክፋት አይደለም። እኛ ሰውነት ልብስ ነው እንላለን። ልብስ ያረጃል፣ ይቀደዳል። ውስጡ ያለው ያወልቀዋል፣ ሌላ ይለብሳል። የሞተው ልብሱ ነው። ውስጡ ያለውን ጥይት አያገኘውም።»

በልቤ፣ የመምሬን መስቀል ስትሳለም ላረጀች ለወሎ ሴት ይህ ምን ይረባታል አልኩ። ቀና ስል ሸዋረግ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ከመርዶው ወዲህ ተቀምጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እርጥቡ ሸሚዝ ጭኗ ላይ ሆኖ ቀሚሷን ያርሳታል፤ እሷ ልብ አላለችውም።

«ሌላ ይለብሳል?» አለች።

«ይለብሳል።»

«ጥይት አያገኘውም?»

«አያገኘውም።»

ያን ሰሞን ሽሮው ሽሮ ሆነ። አውቶቡስ ሲገባ አንገቷን ቀና አድርጋ ታዳምጥና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አንድ ሁለቴ ስታንጎራጉር ሰማኋት። የማርክስ ትምህርት በየስብሰባው ስንጋተው ኖረን አንዳችንን እንኳ ሳያጽናና፣ ይህ ቀጭን ህንዳዊ በተሰባበረ አማርኛ አንዲት እናት አስቀመጠ ብዬ ተገረምኩ። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ ጆሮ ያለው ግድግዳ የበዛበት ጊዜ ነበር።

መገረሜ ብዙ አልቆየም። ሸዋረግ ሚስተር ካላት ሁሉ አጥብቃ የያዘችው አንዷን ቃል ነው፤ ሌላ ይለብሳል ያላትን። ሌላ ከለበሰ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። ጥይት ያገኘው መርዶው ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለዱትን ወንዶች ማየት ነው። ላቀው ከአንገቱ ሥር ማርያም የሳመችው ቀይ ምልክት ነበረው። ሸዋረግ ያንን ምልክት ፍለጋ ተነሣች።

ክርስትና የሚነሣ ወንድ ልጅ ባለበት ቀን ከመጠመቂያው ደጃፍ አትጠፋም። «እስቲ ልየው፣ እንዴት ያምራል!» ትልና መታቀፊያውን ገለጥ አድርጋ አንገቱ ሥር ትመለከታለች። መጀመሪያ እናቶቹ ደስ አላቸው። በኋላ ዓይነ ክፉ ትሆን ይሆናል ብለው መሸፋፈን ጀመሩ። በኋላማ እሷ ስትመጣ በሩን የሚዘጉ ተገኙ። አራስ ቤት ሁሉ የገንፎ ዱቄት ይዛ ትገባለች፣ የልጁን አንገት አይታ ፊቷ ጥቁር ብሎ ትወጣለች። ደግሞ መቀመጥ አቃታት። ይኸኛው ከፊተኛውም የባሰ ነበር፤ ፊት መንገድ ነበር የምትመለከተው፣ አሁን የሰው ልጅ ታገላብጣለች።

መምሬ ወልደ ሚካኤል መቋሚያቸውን እየመቱ ግቢያችን መጡ። ሚስተር ወንበርና አንድ ብርጭቆ ወተት አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም።

«አንተ ሰው! ትንሣኤ ሙታን የምትጠብቅ ልጅ ነበረችኝ፤ ጨቅላ አገላባጭ አደረግህብኝ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ። እንድትፈልግ አላልኩም።»

«ምን አልካት ታዲያ?»

ሚስተር የነገራትን ሁሉ ደገመላቸው። መምሬ በጥሞና አዳመጡት። ሲጨርስ፣ «ውሸት ነው» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞ ሰው ያጽናናል፤ የከፋው እሱ ነው። እኔ ስንቱን ስነግራት ያልተቀመጠች ሴት» አሉ። ይህን ሲሉ የተናደዱ አልመሰሉኝም፤ የደከማቸው ነው የመሰሉኝ። ወተቱን ሳይጠጡ ሄዱ፤ ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ሸዋረግ ምልክቱን ያገኘችው ክርስትና ቤት አይደለም። ታችኛው ገበያ ጨውና ጋዝ የምትሸጥ መድና የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጠሃ እርጉዝ ትቷት ነው የዘመተው። ሸዋረግ ጨው ልትገዛ ገብታ መድና ልጇን ስታጠባ አየች፤ ከአንገቱ ሥር ቀይ ምልክት አለው። ልጁ ሱሌማን ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ከመድና ቤት አትለይም። እንጨት ትፈልጥላታለች፣ ውሃ ትቀዳላታለች፣ ቅቤ ታመጣላታለች። መድናም ወገን አልነበራትም፤ «አላህ ነው የላከልኝ» ትል ነበር። አንድ ጊዜ ሸዋረግ «ማርያም ስማዋለች» ብትላት፣ «እኛ ዘንድ ታዲያ ማን ሳመችው እንበል፣ እትዬ?» ብላ ስቃለች። ግን ሸዋረግ ልጁን ስታቅፍ ለመመለስ እጇ እየዘገየ መጣ። ስሙንም እየሳተች ላቀው ማለት አበዛች። መድናም ሱቁ ሰው ሲገባ፣ ለሸዋረግ ላለመስጠት ልጇን ቀድማ ማዘል ጀመረች።

የሆነው ሲሆን ነበርኩ፤ ለፋኖሴ ጋዝ ልገዛ ገብቼ ነው። ሸዋረግ ልጁን ምንጣፍ ላይ አስተኝታ ከነጠላዋ ሥር የታጠፈ ልብስ አወጣች። ሳየው ውሃ ሰማያዊው ሸሚዝ ነው። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፋ ለልጁ ልታለብሰው ስትል መድና የጋዙን ጣሳ ለቃ ዘለለች።

«ምን ሊያደርጉ ነው፣ እትዬ! የሞተ ሰው ልብስ ለልጄ! አባቱ ጦር ሜዳ ላይ ሆኖ! ያረቢ፣ አፌ ይቆረጥ!»

«አልሞተም!» አለች ሸዋረግ። «የማን ልጅ ነው የሞተ የምትይው? ይኸውና ላቀው! ይኸው ምልክቱ! ላቀው ነው እኮ፣ መድና፣ አንቺ አታውቂም እንጂ!»

ጋዙ መሬቱ ላይ ይፈሳል። መድና ልጇን አንሥታ ደረቷ ላይ አጣበቀች። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ሸዋረግን ትኩር ብላ አየቻትና ቀስ ብላ ተናገረች።

«እትዬ ሸዋረግ፣ ወላሂ እኔ ይህ ነገር አይገባኝም። ግን እርስዎ እንደሚሉት ላቀው ሱሌማን ሆኖ ከመጣ፣ መጀመሪያ ሞቷል ማለት ነው እኮ።»

ሸዋረግ የልጁን አንገት አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ስንት አራስ ቤት፣ ስንት መጠመቂያ ስትዞር የከረመችው ሞቶ ከሆነ ብቻ የሚገኝ ልጅ ፍለጋ ነው። ሳታውቀው መሞቱን አምና ኖራለች። ሸሚዙን ከምንጣፉ ላይ አነሣች፤ ጋዝ ነክቶት ነበር። ይዛው ወጣች።

እየሮጥኩ ተከተልኳት። በቀጥታ የሄደችው ሚስተር ዘንድ ነው። ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ፣ የሂሳብ መጽሐፉ ላይ ጣለችው።

«ልብስ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ነው።»

«የሚጣል፣ የሚወልቅ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ያ ቀዩ ምንድን ነው? በየዓመቱ ፀሐይ የሚያስመቱት፣ እኔን እንኳ አትንኪ የሚሉኝ!»

ሚስተር አንገቱን ደፋ። ይህን ጥያቄ ከማንም ቢጠብቅ ከሸዋረግ አይጠብቅም ነበር። መነጽሩን አውልቆ በገዛ ሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ሳያደርገው ያዘው።

«የነገርኩዎ እውነት ነው» አለ። «ግን ግማሹን ነው የነገርኩዎ። ግማሹን ያልነገርኩዎ እኔም ስላልቻልኩት ነው። ውስጡ ያለው ወዴት እንደሄደ አይጠየቅም። ልጄ፣ ሚስቴ ማለት አብሮ አይሄድም። እሱ መንገደኛ ነው፤ ይለቀቃል። ከያዝነው የምንይዘው እሱን አይደለም፤ ራሳችንን ነው።»

«እንዴት ነው የሚለቀቀው?»

«አላውቅም። በየጠዋቱ ተነሥቼ እለቃታለሁ። ቀኑ ሳይመሽ ደግሞ ይዣት አገኛለሁ። በማግሥቱ እንደገና እለቃታለሁ።»

ሸዋረግ ለረጅም ጊዜ አየችው። ያዘነችለት መሰለኝ። ከዚያ፣ «ላቀው ሞቷል» አለች። ድምፅዋ ስለ ሽሮ የምታወራ ያህል ተራ ነበር። እንደገና «ልጄ ሞቷል» አለች፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፅዋ ተሰበረና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያኔ በልቅሶው ቀን ያላለቀሰችውን ነው። እኔ ወንድ ነኝ ብዬ የምኮራ ሰው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሚስተር ከጎኗ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ከተማሪዎቹ የለመዳትን የወሎ ማጽናኛ በራሱ አክብሮት አደረጋት። «አብሽሩ» አላት። «አብሽሩ፣ አብሽሩ።»

ፍታቱ ተፈታ። መምሬ ልብሱን ለራሳቸው አልወሰዱም፤ በአህያ ውሃ እያመላለሰ ለሚሸጥ ንጉሡ ለሚባል ድሃ ሰው እንዲሰጥ አሉ። ሸዋረግ ሱሪውን፣ ሹራቡን፣ ጋዝ የነካውን ሸሚዝ አጥባ፣ አጣጥፋ በሁለት እጇ አቀበለችው። መድና ሱሌማንን አዝላ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ሸዋረግ ልጁን አላቀፈችውም፤ «አባቱን በሰላም ያምጣልህ» ብላ እግሩን ብቻ ነካችው። ተዝካሩም በኋላ ወጣ፤ ቅር ያለው ሰው አልነበረም። ጠሃ ይመለስ አይመለስ እኔ ከመካነ ሰላም እስክወጣ ድረስ አልተሰማም።

ሚስተር ግን ሳሪውን ለማንም አልሰጠም። ክረምቱ ሲወጣ እንደ ወትሮው አውጥቶ አሰጣው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ቀን ሸዋረግን ጠርቶ በአንዱ ጫፍ አስያዛት፣ እሱ በሌላው ጫፍ ይዞ አብረው አራገፉት። ኮንትራቱ ሲያልቅ ሻንጣውን ለተሸካሚ አልሰጥም ብሎ ራሱ ይዞ ሄደ።

የሸሚዙ ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከሸዋረግ ጋር ሽንኩርት ልንገዛ ስንወርድ ንጉሡ አህያውን እየነዳ ሽቅብ መጣ። ውሃ ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሶታል። ደረቱ ላይ አንዱ አዝራር ጎድሏል፤ ሸሚዙ ተከፍቶ አጥንቱ ይታያል። ደነገጥኩ። ትጮሃለች፣ ወይ ትነጥቀዋለች ብዬ ክንዷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ንጉሡም ፈርቶ ቆመ።

«ልመልሰው፣ እማማ?» አላት።

«ቁም። አትነቃነቅ» አለችው።

ከቀሚሷ አንገት ላይ ክር የገባባትን መርፌ ነቀለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ጥርሷ ድረስ አንሥታ አንዲት ጠንካራ ቋጠሮ ፈታች። ከቋጠሮዋ የወጣው ውሃ ሰማያዊ አዝራር ነው። ያን ቀን ሸሚዙን አጥባ ከመስጠቷ በፊት ቆርጣ አስቀርታት ኖሯል። እኔም መምሬም አላየናት። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ስትሠራም ስትጸልይም፣ ነጠላዋ ላይ ተቋጥራ ነበረች።

ሰዉ እያየን፣ አህያዋ ጆሮዋን እያርገበገበች፣ አዝራሯን የንጉሡ ደረት ላይ ሰፋቻት። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ አዝራሯን በቀዳዳዋ አስገባች፣ ደረቱን በመዳፏ አንድ ጊዜ መታ መታ አደረገችው።

«በል አሁን ሂድ» አለችው። «ይበርድሃል።»

ንጉሡ አህያውን ነድቶ ሽቅብ ሄደ። ሸዋረግ ዞር ብላ አላየችውም። መርፌዋን አንገቷ ላይ መልሳ ሰካች፣ የነጠላዋን ጫፍ እንደተፈታ ትከሻዋ ላይ ጣለችውና፣ «ና እንጂ፣ ሽንኩርቱ ሊያልቅብን ነው» አለችኝ።